ለጥበቃ ካሜራ ተያዡ ነጋዴው ነው

በኢትዮጵያ ልማድ አንድ ባለቤት ለግቢው ዘበኛ በሚቀጥርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ተያዥ ነው። እንግዳው ሰው ብርቱ ቢሆን፥ ሌሊት የማያንቀላፋ ቢባል፥ የሚጠይቀውም ደመወዝ ጥቂት ቢሆን፥ ስለ እርሱ ኀላፊነት ወስዶ የሚፈርም የታወቀ ሰው እስካልተገኘ ድረስ የግቢው ቁልፍ በእጁ አይገባም። ይህ ልማድ የመጣው ዘበኛን ሁሉ ከመጠርጠር አይደለም። ቤት የሚጠብቅ ሰው ማን መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚገባ፥ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ፥ የትኛው በር ደኅና አድርጎ እንደማይዘጋ ከማንኛውም ሌባ ይልቅ ያውቃል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ያለ ዋስትና ለማንም መሰጠት እንደማይገባው አበው ስለ ተረዱት ነው።

ዛሬ በብዙ መኖሪያ ቤቶችና መደብሮች ሌላ ዓይነት ዘበኛ ተቀጥሯል። ይኸውም ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው የጥበቃ ካሜራ ነው። ይህ ዘበኛ አያንቀላፋም፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ያየውንም ሁሉ መዝግቦ ያቆያል። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ የሚገኘውን የእናቱን ደጃፍ በእጅ ስልኩ ይመለከታል። ባለሱቁ ዕቃ ለማስመጣት ወደ ቻይና በሄደ ጊዜ የመደብሩን ሥራ ከሆቴሉ ሆኖ ይከታተላል። ቡና ላኪውም የመጋዘኑን ጭነት ከቢሮው ሳይነሣ ያያል። የዕቃው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ገበያውም የሰፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ይህ ዘበኛ በሚቀጠርበት ጊዜ ተያዥ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ካሜራው ከካርቶኑ ወጥቶ፥ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፥ ምስሉ በስልክ ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ ርክክቡ እንዳለቀ ይቆጠራል። ከባለቤቱ ሌላ በዚህ ካሜራ ማን ሊያይ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሻጩ አያነሣውም፤ ገዢውም አያስበውም። እንግዲህ መባል የሚገባው ነገር አጭርና ግልጽ ነው፤ ለጥበቃ ካሜራ ተያዥ መሆን የሚገባው ያስመጣውና የሸጠው ነጋዴ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የካሜራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀድሞው ዓይነት ካሜራ ምስሉን በሽቦ ወደ አንድ ቴሌቪዥን ከመላክ በቀር ከውጭው ዓለም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የዛሬው ግን ዓይን የተገጠመለት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር የራሱ ሶፍትዌር፥ የራሱ አድራሻ፥ የራሱም የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አለው። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ እንዲያይ የተከፈተለት መንገድ፥ የይለፍ ቃሉን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ የተከፈተ መንገድ ነው። ካሜራው የሚያውቀው ቃሉን እንጂ የጌታውን ፊት አይደለምና።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በአንድ ሞዴል ለሚሠሯቸው ካሜራዎች ሁሉ አንድ የመግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሲሰጡ ለዓመታት ኖረዋል። «አድሚን» የሚለው ስምና ከ1 እስከ 5 የተደረደሩት ቁጥሮች የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌዎች ናቸው። ይህ ቃል በመመሪያው ወረቀት ላይ ታትሟል፤ በኢንተርኔትም ላይ ለፈለገው ሁሉ ይገኛል። አንድ ቁልፍ ሠሪ በከተማው ለሚሸጠው ጓጉንቸር ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ቢሠራና የቁልፉን ቅርፅ በጋዜጣ ቢያወጣ፥ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሰው ከእርሱ ዘንድ ዕቃ አይገዛም ነበር። በካሜራ ንግድ ግን ይኸው ሲደረግ እንደ ተራ ነገር ታልፏል። ሌባውም አጥር መዝለል አያስፈልገውም። በሌላ ክፍለ ዓለም ተቀምጦ፥ የኢንተርኔት አድራሻዎችን በተራ የሚያንኳኳ ፕሮግራም ያሰማራል፤ ከዚያም የተከፈተለትን መመልከት ብቻ ነው።

ይህ በአሳብ ብቻ የተፈጠረ ሥጋት እንዳልሆነ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ትሬንድኔት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሸጣቸው ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች ቀጥታ ምስል በኢንተርኔት ላይ ለማንም ተገልጦ ተገኘ። በአልጋቸው የተኙ ሕፃናት፥ በጨዋታ ላይ ያሉ ልጆች፥ በቤታቸው የዕለት ተግባራቸውን የሚያከናውኑ ሰዎች ሳያውቁ ታዩ። በዚያ ጊዜ ጥፋቱ የባለቤቶቹ አልነበረም። የሶፍትዌሩ ጉድለት የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ አድራሻውን ላወቀ ሰው ሁሉ ምስሉን ያሳይ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2013 ኩባንያውን የከሰሰው፥ ዕቃውን አስተማማኝ ነው እያለ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ ተገቢውን ጥንቃቄ አላደረገም በማለት ነው። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው የጥበቃ አሠራሩን ለ20 ዓመት በየሁለት ዓመቱ በውጭ መርማሪ ለማስመርመር ግዴታ ገባ። ነጋዴ ከዚህ የሚማረው ነገር ቢኖር፥ በካርቶን ላይ የታተመ የማስታወቂያ ቃል እንደ ውል ቃል ሊያስጠይቅ የሚችል መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የደረሰው ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነበር። ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም፥ ከ60 የሚበልጡ የታወቁ የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ፥ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ካሜራዎችን፥ የምስል መቅረጫዎችንና ራውተሮችን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 እንዲህ የተማረኩ መሣሪያዎች ዳይን በተባለ የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ ላይ በአንድነት በዘመቱ ጊዜ፥ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ዕቃቸው ለዘመቻ መሰለፉን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ምስሉ እንደ ወትሮው ይታያቸው ነበርና።

ከዚሁ ታሪክ ለአስመጪ በተለይ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። በዘመቻው ከተማረኩት ዕቃዎች በብዙዎቹ ውስጥ ሲዮንግማይ የተባለ የቻይና ፋብሪካ ክፍሎች እንደ ተገጠሙ ታወቀ። ፋብሪካውም በአሜሪካ የተሸጡ አንዳንድ ዕቃዎቹን ከገበያ እንደሚመልስ አስታወቀ። ክፍሎቹ ግን በልዩ ልዩ የንግድ ምልክት በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ የገቡ ስለ ነበሩ፥ ገዢው በካርቶኑ ላይ የፋብሪካውን ስም ፈልጎ ማግኘት አይችልም ነበር። እንዲያውም ከመሣሪያዎቹ አንዳንዶቹ በውስጣቸው የተቀበረ ሌላ የይለፍ ቃል ስለ ነበራቸው፥ ባለቤቱ የሚታየውን ቃል ቢለውጥም የተቀበረው ሳይለወጥ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ጠይቆ ሊረዳ የሚችለው ዕቃውን ከፋብሪካ የሚያዘው ነጋዴ እንጂ አንድ ካሜራ የሚገዛው የቤት ባለቤት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ቨርካዳ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ላይ የደረሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኩባንያው የደንበኞቹን ካሜራዎች ሁሉ ሊከፍት የሚችል የበላይ አስተዳዳሪ መግቢያ ነበረው። ይህ መግቢያ በኢንተርኔት ላይ ተጋልጦ በመገኘቱ፥ ሰርጎ ገቦች የሆስፒታሎች፥ የትምህርት ቤቶችና የእስር ቤቶች የሚገኙባቸውን ወደ 150,000 የሚጠጉ ካሜራዎች ለማየት ቻሉ። ሁሉን የሚከፍት አንድ ቁልፍ በጠፋ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ቤት ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። የራሱን ድካም ለማቃለል ሲል ለደንበኞቹ ሁሉ አንድ የይለፍ ቃል የሚሰጥ የካሜራ ገጣሚም በአነስተኛ መጠን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ያለፈ ታሪክ ሆኖ እንዳልቀረ ለማስረዳት ደግሞ አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ይበቃል። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ የደቡብ ኮሪያ ፖሊስ ከ120,000 በላይ የመኖሪያና የንግድ ቤት ካሜራዎችን ሰብረው ገብተዋል ያላቸውን አራት ሰዎች መያዙን አስታወቀ። ለሰዎቹ በር የከፈተላቸውም በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል ነበር።

ይህ ሁሉ በሩቅ አገር የደረሰ ነው፤ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ሆኖም ኢንተርኔት ወሰን የለውም፤ የሚገባውም ዕቃ በአብዛኛው በዓለም ገበያ የሚሸጠው ዓይነት ነው። በመደብር ውስጥ ካሜራው ብዙውን ጊዜ የሚሰቀለው ከገንዘብ መቀበያው በላይ ነው። ስለዚህ ሰብሮ የገባ ሰው የካዝናው ቁጥር ሲዞር፥ ደንበኛው በስልኩ ላይ የምሥጢር ቁጥሩን ሲጫን፥ ማታም ገንዘቡ ተቆጥሮ ወደ ባንክ ሲወሰድ ሊያይ ይችላል። በላኪው መጋዘን የተሰቀለው ካሜራ ምን ያህል ጆንያ እንደ ተከማቸና መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይናገራል፤ ይህም ለተወዳዳሪም ለቀማኛም የሚጠቅም ወሬ ነው። በመኖሪያ ቤት ያለው ደግሞ ቤተሰቡ ከቤት የሚወጣበትን ሰዓት ይገልጣል። ብዙዎቹ ካሜራዎች ድምፅም ስለሚቀበሉ፥ በማዕድ ዙሪያ የሚነገረው ነገር ሳይቀር ይሰማል። ባለቤቱ ሌባ እንዲያይለት ያቆመው ዓይን ለሌባው የሚያይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ያሻል። ይህን በር የመዝጋት ኀላፊነት የማን ነው? በገበያ ውስጥ ሦስት መልሶች ይሰማሉ።

የመጀመሪያው መልስ፥ ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ የሚል ነው። ይህ መልስ ገዢው ማን እንደ ሆነ የዘነጋ ነው። ልጃቸው ከውጭ አገር ገንዘብ ልኮላቸው ካሜራ የሚያስገጥሙ እናት በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ መመሪያ አንብበው የይለፍ ቃል እንዲለውጡ መጠበቅ፥ መድኃኒት ሻጭ አወሳሰዱን ሳይናገር መድኃኒቱን እንደ መስጠት ያለ ነው። ገዢው ድርሻ እንዳለው አይካድም፤ ነገር ግን ድርሻውን የሚወጣው በመጀመሪያ ከነገሩት በኋላ ነው።

ሁለተኛው መልስ፥ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት አለበት። ለሚሊዮን ዕቃ አንድ ቁልፍ የሚሠራ ፋብሪካ በደለኛ ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ከገዢው ጋር አይተዋወቅም፤ ቋንቋውን አያውቅም፤ ደጃፉንም አይረግጥም። ዕቃውን ከብዙ ዕቃዎች መካከል መርጦ፥ ባንክ ከፍቶ፥ ጉምሩክ አስፈትቶ ወደ ገበያ ያወጣው አስመጪው ነው። ከፋብሪካው ጋርም ከገዢው ጋርም የሚነጋገር ሰው በመካከል ያለው ነጋዴ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መልስ ዋጋን የሚመለከት ነው። አንድ ባለሱቅ ለእያንዳንዱ ገዢ ሩብ ሰዓት ወስዶ የይለፍ ቃል ሲያስለውጥ፥ ጎረቤቱ ምንም ሳይናገር በዚያው ሩብ ሰዓት ሦስት ካሜራ ይሸጣል፤ የተሻለ ዕቃ ያስመጣም ነጋዴ ርካሹን ካስመጣው ጋር በዋጋ መወዳደር ያቅተዋል ይባላል። ይህ ክርክር እውነተኛ ችግር ስለሚገልጥ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ጥንቃቄን መተው ሳይሆን ጥንቃቄውን የሁሉም ማድረግ ነው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ሲያደርገው ኪሳራ የሚመስለው ነገር፥ በዚያ ንግድ ያሉ ሁሉ ተስማምተው ሲያደርጉት የሙያው ደንብ ይሆናል። የንግድ ምክር ቤት የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳይ ከነጋዴ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ሕግ ገብቷል። በአሜሪካ የካሊፎርንያ ግዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በጸናው ሕግ፥ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ወይ ለየራሱ የተለየ የይለፍ ቃል ሊኖረው፥ ወይም ባለቤቱ በመጀመሪያ ሲከፍተው አዲስ ቃል እንዲያወጣ ሊያስገድድ ይገባል። በብሪታንያም ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉ አንድ የሆነ የፋብሪካ የይለፍ ቃል ክልክል ሆኗል። ከዚህም ጋር የጥበቃ ጉድለት ያገኘ ሰው ለማን እንደሚያመለክትና ዕቃው እስከ መቼ ድረስ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደሚያገኝ መገለጥ አለበት። ሕጉ ግዴታውን የጣለው በፋብሪካው ላይ ብቻ ሳይሆን በአስመጪውና በአከፋፋዩም ላይ ነው፤ ቅጣቱም እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም በዓለም ዙሪያ ከሚገኘው ገቢ እስከ መቶ 4 ሊደርስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይና ሰፋ ያለ ሕግ በዲሴምበር 2024 ያጸና ሲሆን፥ ዋናዎቹ ግዴታዎች በሥራ ላይ እንዲውሉ የተወሰነው ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 ጀምሮ ነው።

የኢትዮጵያ አስመጪ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ማሰብ ይገባዋል። በእነዚያ ገበያዎች እንዳይሸጥ የተከለከለ የካሜራ ክምችት መሬት አይቀበርም፤ ጥያቄ ወደማይጠየቅበት ገበያ ርካሽ ሆኖ መሄዱ የንግድ ጠባይ ነው። እጅግ የረከሰ ዋጋ በቀረበለት ጊዜ ዋጋው ስለ ምን እንደ ረከሰ የማይጠይቅ ነጋዴ፥ ሌሎች የጣሉትን ዕቃ በገዛ ስሙ ሊሸጥ ይችላል።

በኢትዮጵያም ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚገባውን ይቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡ ወገኖች መረጃውን እንዲጠብቁ ያዛል። ነገር ግን የወንጀል ሕግ የሚደርሰው ከጥፋቱ በኋላ ነው። ሰርጎ ገቡ በሌላ አገር የሚኖር፥ ስሙም የማይታወቅ በሆነ ጊዜ ክሱ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። የታየ የቤት ምሥጢር ደግሞ በፍርድ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚቻለው በመሸጫው ባንኮኒ ላይ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ተያዥ ይሁን ሲባል ምን ያድርግ ማለት እንደ ሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

አስመጪው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ለፋብሪካው አራት ጥያቄ ያቅርብ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ካሜራ የተለየ የይለፍ ቃል አለውን? ወይስ ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን አዲስ ቃል እንዲያወጣ ያስገድዳልን? ሁለተኛ፥ ባለቤቱ ሊለውጠው የማይችል የተቀበረ መግቢያ በውስጡ አለበትን? ሦስተኛ፥ የሶፍትዌር ማሻሻያ ለስንት ዓመት ይሰጣል? አራተኛ፥ ጉድለት ሲገኝ የሚቀበለውና መልስ የሚሰጠው ማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ ከውሉም ጋር ይያያዝ። መልስ የማይሰጥ ፋብሪካ መልስ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ባለሱቁና ገጣሚው ደግሞ ካሜራውን ከማስረከባቸው በፊት ገዢው ራሱ በእጁ አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ ያድርጉ። ቃሉ ረዘም ያለ፥ በሌላ ቦታ ያልሠራበት፥ የስልክ ቁጥሩን ወይም የልጁን ስም ያልያዘ ይሁን። ሻጩ ቃሉን አይጠይቅ፤ በደብተሩም አይመዝግብ። ካሜራው ከምስል መቅረጫ ጋር የሚሠራ እንደ ሆነ የመቅረጫውም ቃል ይለወጥ፤ ካሜራው ተለውጦ መቅረጫው እንደ ነበረ ቢቀር የፊት በር ተዘግቶ የጓሮው እንደ ተከፈተ ይቆጠራልና። ገጣሚው ለሥራው ሲል የከፈተው መግቢያ ካለ ሥራው ሲያልቅ በባለቤቱ ፊት ይሰረዝ። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ከፋብሪካው በቀጥታ በተገኘ አዲስ ማሻሻያ ይታደስ። መተግበሪያው ሁለተኛ ማረጋገጫ፥ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ወደ ባለቤቱ ስልክ የሚላክ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ፥ ይኸው እዚያው ይከፈት።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ከሩቅ የሚታይበት መንገድ ነው። አንዳንድ ገጣሚዎች ባለቤቱ ከውጭ እንዲያይ ሲሉ በራውተሩ ላይ ፖርት የሚባለውን በር በቀጥታ ወደ ካሜራው ይከፍታሉ። ይህ በር ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለዓለሙ ሁሉ የሚታይ በመሆኑ መከፈት የለበትም። መሣሪያዎች ይህን በር ራሳቸው እንዲከፍቱ የሚፈቅደው ዩፒኤንፒ የተባለው የራውተር አሠራርም ቢዘጋ ይመረጣል። ባለቤቱ ከሩቅ ማየት ካስፈለገው ሁለተኛ ማረጋገጫ ባለው መተግበሪያ ወይም ቪፒኤን በተባለው የተሸፈነ መንገድ ይጠቀም። ከሩቅ ማየት የማያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ይህ አገልግሎት ፈጽሞ ይዘጋ፤ ካሜራው ያለ ኢንተርኔትም በመቅረጫው ላይ መመዝገብ ይችላልና።

የቤቱ ባለቤት ድርሻም ቀላል ነው። የራውተሩን የራሱን የይለፍ ቃል ይለውጥ። ራውተሩ ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ዋይፋይ መክፈት የሚችል ከሆነ፥ ካሜራውን በዚያ አድርጎ ሒሳብ ከሚሠራበት ኮምፒዩተር ይለየው። ካሜራ በመኝታ ቤትና በመታጠቢያ ቤት አይስቀል፤ በመደብርም ካዝናውንና የምሥጢር ቁጥር የሚጫንበትን ቦታ ከሚያይ አቅጣጫ ያዙረው። ድምፅ መቀበያው ካላስፈለገው ይዝጋው። በካሜራው ላይ የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር ፎቶግራፍ አንሥቶ ለማንም አይላክ። ቤቱን የለቀቀ ሠራተኛ ወይም ዘመድ በስልኩ ይዞት የነበረውን መግቢያ ይሰርዝ። አሮጌውን ካሜራ ሲሸጥም ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰው፤ ውስጡ ያለውንም የምስል ካርድ ያውጣ።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስፈር ይቻላል። የካሜራ አስመጪዎችና ባለሱቆች በንግድ ምክር ቤት አማካይነት ተሰብስበው አንድ ዓይነት የርክክብ ወረቀት በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ቢያዘጋጁ ወጪው የማተሚያ ዋጋ ብቻ ነው። ወረቀቱ የይለፍ ቃሉ በገዢው እጅ መለወጡን፥ የገጣሚው መግቢያ መሰረዙን፥ ሶፍትዌሩ መታደሱን፥ ዕቃው እስከ መቼ ማሻሻያ እንደሚያገኝና ችግር ሲደርስ የሚጠራው ስልክ የማን እንደ ሆነ ይግለጥ፤ ሻጩና ገዢው ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በሱቁ፥ አንዱ ቅጂ በገዢው ዘንድ ይቅር። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚሰጥ መደብር ከማይሰጠው መደብር በጥቂት ብር ቢወደድም፥ ገዢው ልዩነቱን የሚረዳበት ምልክት ያገኛል። ዛሬ ጥሩውንና መጥፎውን ካሜራ የሚለይበት ምልክት ዋጋው ብቻ ስለ ሆነ ነው ርካሹ የሚያሸንፈው።

ይህ ማለት ግን ነጋዴው ካሜራው ከቶ አይደፈርም ብሎ ይማል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ መሐላ በሐቅ ሊምል የሚችል ሰው የለም፤ ዛሬ ደኅና የሆነ ሶፍትዌር ነገ ጉድለት ሊገኝበት ይችላልና። የዘበኛም ተያዥ ቢሆን ሰውየው ምንጊዜም አያጠፋም ብሎ አይፈርምም። የሚፈርመው ሰውየውን ማወቁን፥ በተጠራ ጊዜም ቀርቦ መልስ የሚሰጥ መሆኑን ነው። ከካሜራ ነጋዴ የሚጠበቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ የሸጠውን ዕቃ ይወቅ፥ ቁልፉንም ለአንድ ለባለቤቱ ብቻ ያስረክብ፥ ሲጠራም ይገኝ።

የንግድ ዋናው ካፒታል እምነት መሆኑ ለነጋዴ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። ይሁንና የካሜራ ንግድ ከሌላው የሚለየው የሚሸጠው ዕቃ ራሱ እምነት በመሆኑ ነው። ሰው ካሜራ የሚገዛው መስታወትና ሽቦ ፈልጎ ሳይሆን ሌሊት ዓይኑን ከድኖ ለመተኛት ነው። ይህን ዕረፍት ገንዘብ ተቀብሎ የሸጠ ነጋዴ፥ የግቢው ቁልፍ ለማያውቀው ሰው ተላልፎ እንዳይሰጥ የመጠበቅ ዕዳ አለበት። ያለ ተያዥ የገባ ዘበኛ ጥፋት ባደረሰ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዘበኛውን ማን እንዳመጣው ነው።